ፈላና በር ላይ የተቆጠረ ሒሳብ

ሒሳብ ሸሽተን ጋዜጠኝነት የገባን ብዙ ነን። እኔም አንዱ ነኝና በዚህ ርዕስ መጻፌን አይቶ የሚስቅብኝ ካለ አልቀየምም። ግን ባለፈው ክረምት ሐረር ያጋጠመኝ ነገር ዝም አላሰኘኝም።

ፈላና በር አካባቢ የጎረቤታችንን ልጅ አስጠና ነበር። «ምልክታቸው ሲለያይ ከትልቁ ትንሹን ቀንስ፣ የትልቁን ምልክት ውሰድ» የምትለዋን ሕግ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣት። ታዲያ 3 ሲደመር −5 ስንት ነው ስለው 8 አለኝ። ቀጥሎ −8፣ ቀጥሎ 2። ፊቴን እያየ ነበር የሚገምተው።

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወደ ዱቤ ሄድኩ። ኔጋቲቭን በእዳ፣ ፖዘቲቭን በሀብት መመሰል እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ628 ደንቦቹን የጻፈው በዚሁ መንገድ ነው። «እናትህ ሱቅ 50 ብር ዱቤ አለባት እንበል፣ 30 ከፈለች…» ስል ልጁ አቀርቅሮ ቀረ። ለካ የእውነትም ዱቤ ነበረባቸው፤ ባለሱቁ በሰው ፊት ሲጠይቃትም ሰምቷል። ደብተሩን ዘግተን ተለያየን።

በማግስቱ ቆርኪ ይዤ መጣሁ። የተደፋው +1፣ የተንጋለለው −1፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለቱም ቆርኪዎች አሉ እኮ ጋሼ! እንዴት ዜሮ ይሆናል?» እውነቱን ነው። «ዝም ብለህ ሸምድድ» የሚባለውም እዚህች ጥያቄ ላይ ሲደረስ ይመስለኛል።

ተነስተን በሩ ጋ ሄድን። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ለእኛ ግን አንዱ በቃን። የሚገባ +1፣ የሚወጣ −1። 3 ገቡ፣ 5 ወጡ። «ስንጀምር ከነበረው በ2 አነሰ» አለ ራሱ። ገቢና ወጪ ሲጣፉ ሰዎቹ አልጠፉም፤ የጠፋው ለውጡ ነው። ዜሮም «ማንም የለም» መሆኑ ቀርቶ «እንደጀመርነው ነን» ማለት ሆነ። ከወጡት አንዷ የረሳችው ነገር ኖሮ ስትመለስ ደግሞ መውጣቷን ሰረዝነው፤ ከ−2 ወደ −1 ከፍ አልን። ኔጋቲቭን መቀነስ ለምን እንደሚጨምር እኔ ራሴ የገባኝ ያኔ ነው፣ በ21 ዓመቴ!

ሕጉ ይቅር አላልኩም፤ ልጁ ራሱ ከደረሰበት በኋላ ይምጣ ነው የምለው። በሐረር ልጆች በሐረሪ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይማራሉ፤ በር ግን በሦስቱም ቋንቋ መግቢያና መውጫ ነው። ምሳሌ ስንመርጥም፣ ለማስተማር ይሁን ለዜና፣ የሚሰማን ሰው ቤት ምን እንዳለ እናስብ እንጂ።

ሲመሽ ልጁን ወደ ቤት ስወስደው «ጅቦቹስ? በግንቡ ቀዳዳ ነው እኮ የሚገቡት፣ ማን ይቆጥራቸዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።