የምታጠባ እናትና የእርግዝና መከላከያ መድኃኒት

በየቤተሰቡ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ «ልጅዋን የምታጠባ እናት የእርግዝና መከላከያ ብትወስድ ወተቷ አይነጥፍምን? መድኃኒቱስ በወተቱ አልፎ ሕፃኑን አይጎዳውምን?» የሚል ነው። መልሱን ባለማወቅ አንዳንዲቱ እናት መድኃኒቱን ፈርታ ሳታስበው ታረግዛለች፤ ሌላይቱ ደግሞ መድኃኒቱን ለመጀመር ስትል ሕፃኑን ያለ ጊዜው ጡት ታስጥለዋለች። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የሕክምና ዕውቀት የደረሰበትን በአጭሩ እንገልጻለን። ባልና ሚስት በመንፈሳዊ ረገድ የሚጠይቁት ቢኖራቸው ለንስሐ አባታቸው ያቅርቡ፤ እኛ እዚህ የምንናገረው ስለ ጤና ብቻ ነው።

ወሊድን ማራራቅ ለሕፃን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ክዋሺዮርኮር የሚባለውን በሽታ ስም መመልከት ይበቃል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕክምናው ዓለም ያስታወቁት ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ ናቸው። ቃሉ በጋ ሕዝብ ቋንቋ፥ ታናሹ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። ጡት የተነጠቀው ሕፃን በቂ ምግብ ስለማያገኝ ሰውነቱ ያብጣል፤ ጠጕሩም ይሳሳል። ከዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ ዳግመኛ ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል።

አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው፥ ማጥባት ራሱ እርግዝናን የሚከላከል መሆኑን ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ነው፤ አንደኛ ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው እንደ ሆነ፥ ሁለተኛ የእናቲቱ የወር አበባ ያልተመለሰ እንደ ሆነ፥ ሦስተኛ ሕፃኑ ሌሊትም ቀንም ከጡት በቀር ሌላ ምግብና መጠጥ የማይወስድ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ የሚወስድ እንደ ሆነ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ ከ100 እናቶች ከ98 የሚበልጡት ከእርግዝና ይጠበቃሉ። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ግን መተማመኛው ያበቃል፤ እናቲቱም የወር አበባዋን ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመጣ፥ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን መለየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች የያዘው ጥምር ክኒን ነው። ስለ ወተት መንጠፍ የሚነገረው ሥጋት የመጣው ከዚህ ነው፤ ኤስትሮጅን በብዛት ሲሰጥ ወተትን ይቀንሳልና። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው ክኒን ኢኖቪድ 150 ማይክሮግራም የኤስትሮጅን ዓይነት ነበረበት፤ ዛሬ በብዛት የሚሰጡት ግን 30 ማይክሮግራም ያህል ብቻ የያዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሌላም ምክንያት አለ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የእናት ደም በቀላሉ የመርጋት ጠባይ ስላለው፥ ኤስትሮጅን ይህን አደጋ ያባብሰዋል። ስለዚህ የምታጠባ እናት ከወለደች እስከ 6 ሳምንት ድረስ ጥምሩን ክኒን ፈጽሞ መውሰድ የለባትም፤ ከዚያም እስከ 6 ወር ሌላ አማራጭ ካለ አይመከርላትም። ሕፃኑ 6 ወር ካለፈው በኋላ ግን ሌላ ሕመም ከሌለባት ልትወስደው ትችላለች።

ሁለተኛው ዓይነት ፕሮጄስቲንን ብቻ የያዘው ነው። ለአጥቢ እናት የሚስማማው ክኒን፥ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ፥ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ከዚህ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፥ ካገቡት ሴቶች ከ100 መካከል 23ቱ በመርፌው፥ 8ቱም በክንድ በሚቀበረው ይጠቀሙ ነበር። የዚህ ሆርሞን ጥቂት መጠን ወደ ወተት ያልፋል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የተደረጉት ምርምሮች ወተትን እንደሚያነጥፍ ወይም የሕፃኑን ክብደትና ዕድገት እንደሚጎዳ አላሳዩም። ክኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን ከወሊድ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ መጀመር ይቻላል፤ መርፌው ግን መጠኑ ከፍ ያለ ስለ ሆነ እስከ 6 ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል።

6 ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና በተነሣ በሁለተኛው ቀን ይህ ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ሴት ልጅ የወለደች እናት ግን እስከ 80ኛው ቀን ክርስትና እጠብቃለሁ ብትል፥ የምክር ጊዜዋ ከአምስት ሳምንት በላይ ያልፍባታል። ስለዚህ ልጁ ወንድም ሆነ ሴት፥ እናቲቱ በ6ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ መልካም ነው።

ሆርሞን ፈጽሞ የማትፈልግ እናት በማኅፀን የሚቀመጠውን የመዳብ ሉፕ ልትመርጥ ትችላለች፤ ይህም በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ይደረግላታል።

ማንኛውንም ለመረጠች ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት ክኒን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መወሰድ አለበት፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ከሦስት ሰዓት በላይ ቢዘገይ ኃይሉ ይደክማል። መርፌው የወር አበባን ያዛባል፤ ከተተወም በኋላ እርግዝና ለመመለስ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን ሥራ ስለሚያዳክሙ፥ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪም መንገር ይገባታል። አንድ እግር ቢያብጥና ቢያም፥ ደረት ቢወጋ ወይም ትንፋሽ በድንገት ቢያጥር፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለባሎችና ለአማቶች አንድ ቃል እንጨምር። ለአራስ አጥሚትና ገንፎ ማዘጋጀት መልካም ልማዳችን ነው። ከዚሁ ጋር፥ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሯት የሚሄድ፥ ወይም ሌላውን ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። የጎረቤት ክኒን ተቀብላ እንዳትውጥም ምከሯት፤ ለጎረቤቷ የተስማማው ጥምሩ ክኒን ይሆናልና። ስትመረመርም «ልጅ አጠባለሁ፤ ሕፃኑም ይህን ያህል ሳምንቱ ነው» ብላ አስቀድማ ትናገር። ይህ አንድ ቃል የሚሰጣትን መድኃኒት ይለውጣል፤ ሕፃኑም ጡቱን ሳያጣ ያድጋል።