ጎጆ ያልወጣው ልጅ

መስቀል በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች በተጓዥ ይሞላሉ። ገና በለጋነቱ ከቤቱ ወጥቶ መርካቶ የከተመው የጉራጌ ልጅ ለክትፎውና ለወላጆቹ ምርቃት ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳል። መመለሱን ያሳመረው አስቀድሞ መውጣቱ ነው። እኛ ግን ዘንድሮ በዓሉን ስንቀበል የምናስበው፣ ለበዓሉ ማዕድ ከመኝታ ክፍሉ ወደ ሳሎን ብቻ ስለሚመጣው ልጅ ነው።

ሠላሳ ዓመቱን ተሻግሮ፣ ደመወዝ እየተቀበለ በልጅነት አልጋው ላይ የሚያድር ሰው በከተማችን ጥቂት አይደለም። ሕጉ ካሰናበተው ቆይቷል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ለአካለ መጠን የደረሰ ይለዋል። ያላሰናበተው ኪራዩ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ በ20 ዓመቱ ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበ ወጣትም እነሆ ሠላሳን አልፏል።

ቋንቋችንም አልረዳውም። አማርኛ ከወላጅ ቤት ለሚወጣ ሰው ያዘጋጀው የክብር ቃል «ጎጆ ወጣ» የሚል ነው፤ ይኸውም አገባ ማለት ነው። ሳያገባ የወጣ እንደሆነ ግን «ኮበለለ» ይባላል፤ ጎረቤትም «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ የምናውቃቸው አባት አሉ። ልጃቸው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ወራት ሳይቆይ አከራዮቹ ክፍሏን ለገዛ ልጃቸው ፈለጓትና ማታ ተመለሰ። አባት በሩን ከፍተው የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙለት፤ «እራት በልተሃል?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። እናት ግን «እንኳን መጣህልኝ!» ብለው በደስታ አለቀሱ። ከልጁ መመለስ ይልቅ ያ ደስታ እንቅልፍ እንደነሣቸው አባት አጫውተውናል።

እኛም ወላጆች ነንና ነገሩ ይነካናል። «ቆይ፣ ስታገባ ትወጣለህ» የምንለው በፍቅር ብቻ ነውን? የቤቱን ጭርታ ስለምንፈራም ነው። ለአስቤዛ የሚጨምራት ገንዘብም (ማመን ካለብን) አለችበት።

በገጠሩ ሥርዓት ጎጆ ለሚወጣ ልጅ መሬት ይቆረስለት፣ ጥማድ በሬ ይሰጠው ነበር። የከተማ ወላጅ የሚቆርሰው መሬት የለውም፤ ለሠርግ ድግስ የሚጠራቀም ዕቁብ ግን አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በአንድ ቀን ከሚበላው ድግስ ይህን ያህል ቀንሶ፣ ሙሽራ ሳይጠብቁ፣ በምርቃት ለልጁ መስጠት የዘመኑ ጥማድ በሬ ነው እንላለን። ድግሱ ይነስ። ዘመድ ያማ እንደሆነም ይማ።

እኒያ አባት ዘንድሮ ዕቁብ ገብተዋል፤ ለምን እንደሆነ ለባለቤታቸው ገና አልነገሩም። የልጃቸው ፍራሽ እስካሁን በገመድ እንደታሰረ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናት ለበዓሉ ቤት ሲያሰናዱ ሊፈቱት ቢሉ፣ «ተዪው» አሏቸው።