ፋጡማ ወይስ ፋጢማ?



የአትክልት ተራ ገበያ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስ፣ እዚያ ከሚነግዱት እናቶች መካከል ፋጡማ የምትባል አትጠፋም ነበር። ዛሬ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ፣ ፋጡማ ስሕተት እየመሰላቸው «ፋጢማ» ብለው ያስለውጣሉ። ልጅቱም በአያቷ ስም ታፍራለች።

የስሙ ሥር «ፈጠመ» የሚለው የዐረብኛ ግሥ ነው፤ ሕፃንን ጡት አስጣለ ማለት ነው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እና የእናታችን ኸዲጃ ልጅ፣ የሐሰንና የሑሰይን እናት ፋጢማ (ረ.ዐ.) በዚህ ስም ተጠርተዋል። ስሙ በሄደበት አገር ሁሉ የአገሩን አንደበት ለበሰ። የኬንያና የታንዛንያ ስዋሂሊዎች ልክ እንደኛ «ፋቱማ»፣ ሶማሌዎች «ፋዱሞ» ይላሉ። ዐረቦችም ሲያቆላምጡ «ፈጡማ» ይላሉ።

በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጨርሳ፣ በዚህ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው ፋጡማ ሮባ ናት። ዓለም ያወቃት በዚሁ ስሟ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ፋጢማም ፋጡማም መልካም ነው። ፋጡማ ያላችኋትን ልጅ ስሟን ከምታስለውጡባት የፋጢማን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስተምሯት።

ወላሁ አዕለም።