የአያት ሬዲዮ ከመሰካቱ በፊት

ከጎንደር፣ ከቁስቋም አካባቢ አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ትተውልኝ ያለፉት ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ አለኝ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጨርቅ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ እንጂ ማንም አልነካውም። ዘንድሮ ለኅዳር ቁስቋም ልጆቼ ከያሉበት ሲሰበሰቡ የልጅ ልጄ ‹እሰካዋለሁ› ብሎ ተነሥቷል። አባቱ ደግሞ ‹የማይሠራ ዕቃ ምን ያደርግልሻል፣ ለቆራሌው ስጪው› ይለኛል። የማንኛቸውን ልስማ?»

እማማ፣ የማንኛቸውንም አይስሙ። ሬዲዮው አሁን አይሰካም፤ አይሸጥምም። ኅዳር 6 እስኪደርስ ጊዜ አለ፤ ክረምቱም ወጥቶ አየሩ ደርቋል። አሮጌ ሬዲዮ ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ተመሳሳይ ዕቃ ቤታቸው ያለ ብዙ አያቶች ስላሉ መልሱን ለሁሉም እንዲሆን አድርገን እንጻፈው።

በመጀመሪያ ዓይነቱን እንለይ። በየቤታችን የቀሩት አሮጌ ሬዲዮዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ባለ ቫልቩ ነው። ከባድ ነው፤ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፤ የጀርባ ክዳኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን መሰል ሰሌዳ ነው። በቀዳዳው በባትሪ መብራት ቢያዩ ትናንሽ የመስታወት አምፖሎች ይታያሉ። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ሁለተኛው ባለ ትራንዚስተሩ ነው። በድንጋይ ይሠራል፤ እጀታና የሚመዘዝ አንቴና አለው፤ እንደከፈቱት ይናገራል። ትራንዚስተር የተሠራው በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ነው። ሬዲዮ ከግድግዳ ተላቆ ከገበሬው ጋር ማሳ፣ ከእረኛው ጋር መስክ መውጣት የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ይመስላል። ልጁ እንዳይሰካው የምንለውም ለዚህ ነው።

በባለ ቫልቭ ሬዲዮ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች አሉ። ሥራቸው ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ ማረጋጋት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ያረጃሉ። የውስጣቸው ፈሳሽ ይደርቃል፤ ከወረቀትና ከሰም የተሠሩት ደግሞ የክረምት እርጥበት ይገባባቸዋል። ሬዲዮው ብዙ ዓመት ቆሞ ድንገት ሲሰካ ያረጀው ካፓሲተር ኤሌክትሪኩን መያዝ አቅቶት ያሳልፈዋል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩም አብሮ ይነዳል። ካፓሲተር ከየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል። የዚያ ዘመን ትራንስፎርመር ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ «እስቲ ሰክተን እንየው» የሚለው ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚድነውን ሬዲዮ ገድሎ ያርፋል።

ከሬዲዮው የሚበልጠው ግን የልጁ ሕይወት ነው። ቫልቮች የሚሠሩት በ250 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ለዓመታት ያልተሰካ ሬዲዮ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ የለም። አንዴ ከተሰካ በኋላ ግን ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ ያን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጁን የሚከት ልጅ የሚጎዳው በዚህ ነው። ሌላም አደጋ አለ። አንዳንድ አሮጌ ሬዲዮዎች ትራንስፎርመር የላቸውም። በእነዚህ ላይ የውስጥ ብረቱ በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የድምፅ ቁልፉ ፕላስቲክ ወልቆ ብረቱ ብቻ ከቀረ፣ ያ ብረት ሲነካ ሊይዝ ይችላል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እንሥራ? ሳይሰካ፣ አዋቂ ባለበት፣ ልጁ ያግዝ። ሳጥኑን በደረቅ ጨርቅ ይወልውል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከት፤ ጎማው ተሰነጣጥቋል? አይጥ በልቶታል? በጀርባው ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይይ፤ የአይጥ ጎጆ፣ የተሰበረ ቫልቭ፣ የፈሰሰ ሰም አለ? ጀርባው ላይ 110፣ 125፣ 160፣ 220 የሚሉ ቁጥሮች ያሉበት መምረጫ ካለ የትኛው ላይ እንደቆመ ይጻፍ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከጣሊያን ወይም ከሌላ አገር የመጣ ሬዲዮ በሌላ ቁጥር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ልጁ ያየውን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ጠጋኝ ትሄዳላችሁ።

ጠጋኙን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ «ከመሰካትህ በፊት ካፓሲተሮቹን ታያለህ?» መልሱ «መጀመሪያ ልሰካው» ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ «ስትሰካው በአምፖል በኩል ታደርገዋለህ?» የቆየ ባለሙያ ይህን ያውቃል። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በገመዱ መሐል ይገባል። ሬዲዮው ሲከፈት አምፖሉ ቦግ ብሎ ከፈዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ኤሌክትሪክ ተገናኝቷል ማለት ነውና ወዲያው ይነቀላል። ሦስተኛ፣ «ያወጣኸውን ዕቃ ሁሉ ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ተስማሙ። ቫልቮቹ በቀላሉ አይተኩም፤ ደብዝዘው ቢታዩ እንኳ ደህና ሊሆኑ ይችላሉና እንዳይጣሉ። የኮይሎቹንም ብሎኖች «ላጥብቃቸው» ብሎ እንዳያዞራቸው ንገሩት። ጣቢያ የሚይዘው በእነሱ ልክ ነው፤ ላልተው የሚታዩት ሆን ተብሎ ነው።

ባለ ትራንዚስተር ሬዲዮ ያላችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ይህኛው በድንጋይ እየሠራ ሳለ ለልጅ አደጋ የለውም። አብዛኛው ብልሽቱም ከዋናው ሥራው ሳይሆን ከዳር ከዳሩ ነው።

ጨርሶ ድምፅ ከሌለው የድንጋዩን ቤት ክፈቱ። ድንጋይ ተረስቶ ቀርቶ ከሆነ ይፈስና ጫፎቹን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያለብሳቸዋል። ጓንት አድርጉ፤ ዱቄቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ። ከአልካላይን ድንጋይ የፈሰሰውን በትንሽ ሆምጣጤ ወይም ሎሚ በነከረ ጥጥ ጥረጉት፤ ከተራው ካርቦን ድንጋይ የፈሰሰውን ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጠ ውኃ። ከዚያ በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁና ብረቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው አትቀላቅሉ። ሬዲዮው ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ድንጋዩን አውጡ።

ድምፁን ሲጨምሩና ሲቀንሱ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ነው። ሬዲዮውን ዘግታችሁ ቁልፉን ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዟዙሩት። ካልተሻለው ለኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠውን ማጽጃ በስሱ መንፋት ይበቃል። የምግብ ዘይት በፍጹም አይገባም፤ ለጊዜው ዝም ያሰኘውና አቧራውን አቡክቶ ይብስበታል።

ቁልፉ እየዞረ የጣቢያ ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ ክሩ ተበጥሷል ወይም ከመዘውሩ ወርዷል። ከመንካታችሁ በፊት ክሩ በየት በየት እንደሚዞር ልጁ ሥዕሉን ይንሳ ወይም በስልክ ፎቶ ያንሣው። ጠንካራ የናይለን ክር ይተካዋል።

ጣቢያው ደካማ ከሆነ አንቴናውን አስቡ። የሚመዘዘው አንቴና የሚያገለግለው ለአጭር ሞገድና ለኤፍኤም ነው። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለ ጥቁር ዘንግ ስለሆነ፣ ለእሱ ሬዲዮውን ራሱን ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው። ለአጭር ሞገድ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የተሸፈነ ሽቦ ከአንቴናው ጋር አያይዛችሁ ወደ መስኮት ብትዘረጉት ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ሽቦው ከመብራት መስመር ይራቅ። መብረቅ ሲኖር ይነቀል፤ የደጋው ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አያቶችን ሲያሳስት እናያለን። «ሬዲዮው ድሮ ጥርት ይል ነበር፤ አሁን እንደ ንብ ይጮኻል፤ ስለዚህ አርጅቷል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ያረጀው ሬዲዮው አይደለም፤ ቤቱ ነው የተለወጠው። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና የሶላር መሣሪያ አጭርና መካከለኛ ሞገድን ይረብሻሉ። ሬዲዮውን በድንጋይ ከፍታችሁ ቆጣሪውን ለአንድ ደቂቃ አጥፉት። ጩኸቱ ከቆመ ጥፋተኛው አንዱ ቻርጀር ወይም አንዱ አምፖል ነው፤ አንድ በአንድ እየሰኩ መለየት ለልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ስልክ አለ አይደል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የጎንደር ሰው አይረሳውም። በአራት ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ኔትወርክም ሆነ መብራት አይጠብቅም። ምሽት ላይ በ49ና በ41 ሜትር፣ ቀን ላይ በ25ና በ19 ሜትር አካባቢ ስትፈልጉ የሩቅ አገር ድምፅ ይመጣል። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ፕሮግራም የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1955 ዓ.ም. የካቲት፣ ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ መሰማት ጀምሮ ነበር፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። ለልጁ ይህን የሚነግረው ሬዲዮው ሳይሆን በዚያ ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳመጠው ሰው ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሁለታችሁ ስታጎነብሱ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ልጁ ከዚህ አልፎ የሚጠይቅ ከሆነ አማተር ሬዲዮ የሚባል ዓለም አለለት። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ሆነው በአጭር ሞገድ ከአገር አገር ይነጋገራሉ። ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ባለው ስፍራ ላይ ድምፃቸው በተራ ሬዲዮ ሲሰማ እንደ ዳክዬ ይንጫጫል። እንዲገባ ማድረጊያ ዘዴ አለው። ሁለተኛ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከመጀመሪያው አጠገብ አኑሩ፤ ከመጀመሪያው በ455 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ድምፁን ዝጉና የጣቢያ ቁልፉን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሁለተኛው ሬዲዮ የሚያመነጨው ሞገድ የመጀመሪያውን ያግዘዋል፤ የዳክዬው ጫጫታም ወደ ሰው ንግግር ይለወጣል። ማስተላለፍ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ስሙ «ኢቲ3ኤኤ» ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ካላችሁ ስሙን ያስታውስ።

ከገበያ የድሮ ማስተላለፊያ ወይም የጦር ሠራዊት ሬዲዮ የሚገዛ ወጣት ካለ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ንገሩት። የማስተላለፊያ ቫልቮች ከ600 ቮልት በላይ፣ አንዳንዶቹም በሺህ በሚቆጠር ቮልት ይሠራሉ። በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰሌዳዎች ደግሞ ራዲየም ሊኖርባቸው ስለሚችል አይፋቁም፤ መስታወታቸውም አይከፈትም።

እማማ፣ ወደ እርስዎ ሬዲዮ ስንመለስ፣ ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ነገር አይርሱ። ልጁ በትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ምን ተበላሽቶ እንደነበር፣ ምን እንደተቀየረና ማን እንደጠገነው ይጻፍ። ከሥሩም ሬዲዮው የማን እንደነበረ የባለቤትዎን ስም ያክል። ወረቀቱ በጀርባው ክዳን ውስጠኛ ገጽ፣ ከቫልቮቹ ሙቀት ራቅ ብሎ ይለጠፍ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።