በአካል መተዋወቅና በኢንተርኔት መተዋወቅ ለባለሙያ ያላቸው ጥቅም

ሰው በተማረው ሙያ እንጀራውን ለማግኘትም ሆነ አገሩን ለማገልገል ዕውቀት ብቻውን አይበቃውም፤ ዕውቀቱን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሐኪም በሽተኛውን ወደ ሌላ ሐኪም ሲልክ፣ መሐንዲስ ግንበኛን ሲጠራ፣ የመሥሪያ ቤት ሹምም ስለ አንድ አመልካች ጠባይ ሲጠይቅ፣ አስቀድሞ በሚያውቀው ሰው በኩል ማድረጉ የተለመደ ነው። ይህ የሙያ ትውውቅ በቀድሞው ዘመን ይገኝ የነበረው ይልቁንም ፊት ለፊት በመገናኘት ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙው በኢንተርኔት የሚፈጸም ሆኗል። ስለዚህ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ለምን እንደሚጠቅም መርምሮ መለየት ለሹማምንትም ለካህናትም የሚገባ ነገር ነው።

በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመካኒሳ አቦ ሰፈር ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆናል። ሰፈሩ አቦ የሚለውን ስም ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በገባ በ5 ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን በዓሉ ሲከበር፣ የባንክ ጸሐፊውና አናጢው፣ መምህሩና ነጋዴው በአንድ ዐጸድ ይቆማሉ። በማኅበርና በሰንበቴ፣ በዕድርና በዕቁብም እንዲሁ ይገናኛሉ። ከነዚህ ስብሰባዎች አንዱ እንኳ ሥራ ለማፈላለግ የተቋቋመ አይደለም። ነገር ግን ሰው የሰውን ጠባይ የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው፤ ዕቁቡን በጊዜው የሚጥለውንና የማይጥለውን፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚነሣውንና የሚዘገየውን ሁሉም በዓይኑ ያያል።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ የሚታወቀው ዋስ በተፈለገ ጊዜ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ጠባቂ ሆኖ ለመቀጠር ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዋስ እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። አንድ ሰው በኢንተርኔት ሺህ የሚያውቁት ሰዎች ቢኖሩት፣ ከሺዎቹ መካከል ንብረቱን አስይዞ ስለ እርሱ የሚፈርም አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። የሚፈርምለት ምናልባት በአንድ ዕድር ለዓመታት አብሮት የተቀመጠው ጎረቤቱ ነው። ሐዋርያው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ፣ ብዙ የሚጽፈው ነገር ሳለው የቀረውን ለፊት ለፊት ንግግር ማቆየቱን የመጽሐፍ ሰዎች ያስታውሳሉ።

ይሁን እንጂ በአካል መተዋወቅ ከባድ ጉድለት አለበት። የሚያውቀውን እንጂ የማያውቀውን አይጠቅምም። ከደሴ ወይም ከደብረ ማርቆስ ተምሮ የመጣና በመካኒሳ ዘመድ የሌለው ወጣት፣ ችሎታው የቱን ያህል ቢሆን፣ በሰንበቴው ማዕድ ስሙን የሚያነሣለት የለም። የሥራ ወሬ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ብቻ የተላለፈ እንደሆነ ዝምድና ከችሎታ ይቀድማል፤ መሥሪያ ቤቱም የሚሻለውን ሰው ሳያየው ይቀራል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች ስለ አዲስ ሥራ የሚሰሙት ከቅርብ ወዳጆቻቸው ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኟቸው ሰዎች መሆኑን ገልጿል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን ሌላው ወዳጅም ያውቀዋል፣ ከሩቅ ያለው ግን ያልተሰማውን ይዞ ይመጣል።

ኢንተርኔት ኃይሉ በዚህ ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሙያ ሰዎችን ለማስተዋወቅ የተቋቋመው ሊንክድኢን በ1995 ዓ.ም. ተከፈተ። በአዲስ አበባ ዛሬ የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይሰራጫል፤ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና መሐንዲሶችም በአገር ቤት ካሉት ጋር በዚሁ መንገድ ይመካከራሉ። በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ። ስልክ ድምፅን ብቻ ያስተላልፍ በነበረበት ዘመን እንደነዚህ ያሉት ሰዎች ከመስመሩ ውጭ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በጽሑፍና በተንቀሳቃሽ ሥዕል አማካይነት በምልክት ቋንቋ ከሩቅ ባለሙያ ጋር መነጋገር ይችላሉ። ይህ ትንሽ ጥቅም ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የዚህም መንገድ ወሰኑ በምርመራ ታውቋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የታተመ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የመረመረ ጥናት፣ ወደ አዲስ ሥራ ለመሻገር ይበልጥ የሚረዳው መጠነኛ ትውውቅ መሆኑን አሳየ፤ ትውውቁ ፈጽሞ የሳሳ እንደሆነ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሠራተኛውን ሁሉ ወደ ቤቱ በመለሰ ጊዜ፣ ከ61 ሺህ በላይ የሚሆኑ የማይክሮሶፍት ሠራተኞች ሥራ ተመርምሮ፣ በየክፍሉ ያሉት እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ ከሌላው ክፍል ጋር ያላቸው ግንኙነት መቀነሱ ተገኘ። እንግዲህ መስመር የተዘረጋ ሁሉ ሰውን ከሰው ያገናኛል ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ግንኙነቱን በዚህ ብቻ የመሠረተ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚቸገር ታይቷል። ከዚህም በላይ በስመ መሥሪያ ቤት የሐሰት ማስታወቂያ አውጥተው፣ ለመመዝገቢያ ገንዘብ ላክ እያሉ ሥራ ፈላጊውን የሚዘርፉ አታላዮች አሉ፤ ፊቱን ያላዩትን ሰው መጠየቅም አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይደለም። ኢንተርኔት በሩን ያሰፋል፣ በአካል መገናኘት ደግሞ እምነትን ያጸናል፤ ችግር የሚመጣው የአንዱን ሥራ ለሌላው በመስጠት ነው። ክፍት የሥራ ቦታን በወዳጅ ጆሮ ብቻ ማስተላለፍ አድልዎን ይወልዳል፤ ያልታየውንም ሰው በጽሑፉ ብቻ አምኖ ንብረት ማስረከብ ጥፋትን ያመጣል። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ ሊያየው በሚችል ስፍራ በግልጽ ማውጣት፣ አመልካቹን ግን በፈተናና ፊት ለፊት በመጠየቅ መምረጥ ይገባዋል። የሙያ ማኅበራት በቴሌግራም የሚወያዩትን አባሎቻቸውን በዓመት ጥቂት ጊዜ በአንድ አዳራሽ ቢሰበስቡ፣ የሳሳው ትውውቅ ይጠነክራል።

ዕድርና ሰንበቴም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። አባሎቻቸው ፈቃዳቸውን ሲሰጡ፣ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግልን መረጃ ለመጠበቅ የተደነገገው ሳይጣስ፣ የእያንዳንዱን ሙያ በመዝገብ ቢይዙ፣ ሥራ ፈላጊውና ሠራተኛ ፈላጊው በቀላሉ ይገናኛሉ። ካህናቱና የዕድር ዳኞችም ለሰፈሩ አዲስ የሆነውን፣ ዘመድም የሌለውን ባለሙያ ፈልገው ወደ ማኅበሩ ቢያስገቡት፣ ዛሬ እንግዳ የሆነው ሰው ነገ ዋስ የሚያገኝ፣ ለሌላውም ዋስ የሚሆን ጎረቤት ይሆናል።