ረጪውን የሚፈትነው ማን ነው?



የግብርና ተማሪ ተመርቆ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ሲጠየቅ አንዱ ምርምር፣ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ አንዱም የአበባ እርሻ ይላል። የጸረ ተባይ ረጪዎች ፈታኝ እሆናለሁ የሚል ግን አልሰማንም። እኛ ይህ ሥራ የተማረ ሰው የሚሻ ነው እንላለን።

አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን አውጥታለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ቢመዘገብም በመጨረሻ የሚይዘው መርጫ አዝሎ ማሳ የሚገባው ሰው ነው። የእርሱ ችሎታ ካልተመዘነ ምዝገባው ብቻውን አያድነውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደንብ ፈተናው በጽሑፍ እንዲሆን፣ ተፈታኙም መታወቂያ እንዲያሳይ አዝዟል፤ ማንበብ ለማይችሉ የነበረውንም ልዩ መንገድ ዘግቷል። ይህን እንዳለ እንቅዳ የሚሉ ወገኖች «መለያውን የማያነብ መርዝ አይያዝ» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ፈተናው ወረቀት ብቻ ከሆነ መርጫ አዛዩ ይወድቃል፤ ወድቆም መርጨቱን አይተውም። ስለዚህ ፈተናው በሚሰማው ቋንቋ፣ በቃልና በእጅ ይሁን። የማያነብም ከሚያነብ ጋር ብቻ እንዲረጭ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ፈታኙ ምን ይጠይቅ? በመለያው ግርጌ ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም የመርዙን ኃይል ከከባዱ ወደ ቀላሉ እንደሚያሳይ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ 100 ካሬ ሜትር ያስረጨው። 2 ሊትር ካለቀ ለሄክታር 200 ሊትር መሆኑ ነው። ለሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት ከታዘዘ በ20 ሊትር መርጫ ውስጥ የሚገባው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህን በመለኪያ ሳይሆን በግምት የሚጨምር ሰው አይለፍ። መርዙ ልብሱ ላይ ቢፈስ ምን እንደሚያደርግም ይጠየቅ፤ ብዙዎቹ መርዞች በቆዳ ይገባሉና ልብሱን ቶሎ አውልቆ ገላውን በውሃና በሳሙና መታጠብ እንዳለበት ይወቅ።

ፈታኙ ራሱ መርጫ አዝሎ የሠራ ይሁን። መድኃኒቱን የሚሸጥ ወይም ረጪውን ያሠለጠነ ግን አይሁን፤ ከሳሽና ዳኛ አንድ ሲሆኑ ፍርድ የለም። ከሁሉም በላይ ለመጣል የሚደፍር ይሁን። ያልበቃውን በይሉኝታ ማሳለፍ ደግነት አይደለም፤ ሰውየውንም፣ ልጆቹንም፣ ቲማቲሙን የምንበላውን እኛንም መጉዳት ነው።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ይህን ሥራ የምንማርበትን የተግባር ሥልጠና ክፈቱልን። ጓደኞቻችንም ስማችሁን ለማስመዝገብ አትዘግዩ።