ከጉሊት በፊት ጉምሩክ!

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ፌስታሉን ግራር ላይ ይሰቅለዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቱቦ ይደፍናል። ለመሆኑ ፌስታል ምንድን ነው? ኤትሊን የሚባል ጋዝ በሺዎች እየተያያዘ ፖሊኤትሊን ሲሆን ነው። ፀሐይ ይቆራርሰዋል እንጂ አፈር አይበላውም። ኤትሊን እኛ አንሠራም፤ ፖሊኤትሊኑ ፍሬ ፍሬ ሆኖ በጅቡቲ በኩል ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። እሰይ! ግን ቅጣቱ ከቲማቲም ሻጯ ከጀመረ ተበላን። «ፍሬው ለጀሪካንም ይሆናል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው! ስለዚህ አስመጪው ለማን እንደሸጠው፣ ገዢው ምን እንደሠራበት ይጠየቅ። ጉሊቷ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት እዚያ ጀምሩ።